ልጆችን ፊደል ማስጻፍ፦ ጣት ከማጠንከር እስከሚነበብ የእጅ ጽሑፍ

ብዙዎቻችን የልጃችንን የእጅ ጽሑፍ የምናየው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ደብተሩ ላይ ነው። ፊደሉ ተጣሟል፣ ከመስመር ወጥቷል፣ አንዱ ግዙፍ ሌላው ኩርምት ያለ ነው። ከዚያ ትእዛዙ ይከተላል፤ «ይህንን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍ!» ልጁ ይጽፋል። የመጀመሪያው መስመር ደህና ነው። ገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እጁ ዝሏል፣ ፊደሉም ሌላ ፊደል ሆኗል። ያን ቀን ብዙ ጊዜ የተለማመደው የተበላሸውን ነው።

እኔ የምለው ከደብተሩ ይልቅ እጁን ተመልከቱ ነው። ፊደሉን ከየት ጀመረ? እርሳሱ ወዴት ሄደ? የት ቆመ? ልጅ አንድን ፊደል ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ጀምሮ በአንድ መንገድ ከጻፈው እጁ ይለምደዋል። ዛሬ ከታች፣ ነገ ከላይ ከጀመረው ግን መቶ ጊዜ ቢጽፈውም አይለምደውም። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ያስጻፋችሁት አምስት ፊደል ብቻውን ከሞላው ገጽ ይሻላል።

ከዚህ በታች ያለው በተለይ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

መጀመሪያ ጣት ይጠንክር

ልጅ ፊደል ከመጻፉ በፊት መስመር መሥራት አለበት። ይህ ችሎታ ደረጃ አለው። አብዛኞቹ ልጆች ቁልቁል መስመርና አግድም መስመር ቀድመው ይችላሉ። በ3 ዓመት ገደማ ክብ ይመጣል። በ4 ዓመት አካባቢ መስቀል ይሠራሉ፤ ከዚያ አራት ማዕዘን። ሰያፍ መስመርና ሦስት ማዕዘን 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። ሰያፍ መስመር ያልቻለ ልጅ «ለ»ን አጣሞ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ገና ነው።

ስለዚህ የ4 ዓመት ልጅ ደብተር ይዞ ባይቀመጥ ምንም አይቀርበትም። ጣቶቹ ግን ሥራ ይፈልጋሉ፤ ሥራው ደግሞ ቤት ውስጥ ሞልቷል። ምስር ሲለቀም አጠገባችሁ አስቀምጡትና ጠጠሩን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ እያነሳ ያውጣ። እርሳስ የሚይዙት እነዚሁ ጣቶች ናቸው። እሸት ባቄላ ወይም አተር ይፈልፍል። ሊጥ ስጡት፤ ያድቦልብል፣ እንደ ገመድ ያርዝመው፣ በገመዱም «ሀ»ን ወይም «በ»ን ይሥራ። የልብስ መቆንጠጫ እየከፈተ ገመድ ላይ ይስካ። ዶቃ በክር ያስገባ። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ። ጠዋት ጠዋት ስለሚያስረፍድ እኛ የምንቆልፍለት ያ ቁልፍ ጥሩ ልምምድ ነበር።

ትከሻና ክንድም አይረሱ። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፉና ቆሞ ይሣል። ደጅ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ትልልቅ ክብና መስመር ይሥራ። ትልቁ እንቅስቃሴ ይቀድማል፣ ትንሹ ይከተላል።

አቀማመጥና የእርሳስ አያያዝ

እግሩ መሬት ይንካ። ወንበሩ ከፍ ካለ ከእግሩ ሥር ሣጥን ወይም አሮጌ መጻሕፍት አድርጉለት። ጠረጴዛው ክንዱ ሲታጠፍ ከክርኑ ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ወይም ጉልበቱ ላይ ደብተር አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ፊደሉ ቢወዛወዝ አይገርምም። የማይጽፈው እጅም ሥራ አለው፤ ወረቀቱን ይያዝ።

እርሳሱ አጭር ይሁን። ለትንሽ እጅ ግማሽ እርሳስ ከሙሉው ይሻላል፤ የተሰባበረ የሰም ቀለምም እንዲሁ። አጭር ስለሆነ በጡጫ ለመያዝ አይመችም፤ ልጁ ሳይነገረው በጣቶቹ ይይዘዋል። እስክርቢቶ ይቆይ።

ዋናው አያያዝ ሦስት ጣት ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ከሁለት ወገን ይይዛሉ፣ መሃል ጣት ከሥር ይደግፋል። ይህን ለማስያዝ ቀላል ዘዴ አለ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ጫፉ ወደ ልጁ ዞሮ አስቀምጡት። ልጁ ከጫፉ ከፍ ብሎ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ያንሳው። ከዚያ በሌላ እጁ እርሳሱን ወደ ኋላ ይገልብጠው፤ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ባለው ገላ ላይ ያርፋል። ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከተንቀዠቀዡ አንድ ሽምብራ መዳፉ ውስጥ በእነሱ ይዞ እንዲጽፍ አድርጉ። ሽምብራው እንዳይወድቅ ሲል ሁለቱ ጣቶች ታጥፈው ይቀመጣሉ። አያያዙ ትንሽ ለየት ቢልም ፊደሉ የሚነበብ ከሆነና እጁን ካላመመው ብዙ አትጨቃጨቁ።

ልጁ በግራ እጁ የሚጽፍ ከሆነ ተዉት። እኛ አገር ግራ እጅን መምታት፣ ማሰር፣ «በደህና እጅህ ጻፍ» ማለት የቆየ ነገር ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። ግራኝነት ጥፋት አይደለም፣ መጥፎ ልማድም አይደለም። በግድ እጅ ማስቀየር ልጁን ከመጻፍ ያስጠላዋል እንጂ ጽሑፉን አያሳምረውም። የሚያስፈልገው ጥቂት ማስተካከያ ነው። በቀኝ የሚጽፍ ልጅ የወረቀቱን አናት ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በግራ የሚጽፈው ወደ ቀኝ ያዘንብለው። እርሳሱን ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ የጻፈው እንዲታየው። ክፍል ውስጥ ከቀኝ እጅ ጸሐፊ ጋር ክርናቸው እንዳይጋጭ በግራ ጫፍ እንዲቀመጥ መምህሩን ጠይቁ።

በየትኛው ፊደል እንጀምር?

አብዛኞቻችን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን በቅደም ተከተል እናስጽፋለን። ለማንበብ ይህ ቅደም ተከተል ድንቅ ነው፤ ዜማውም ልጅን ይይዛል። ለመጻፍ ግን አይመችም። «ለ» ሁለተኛ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ሰያፍ እግር ግን ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። «ተ» ደግሞ ቀላል ሆና ሳለ ሩቅ ናት።

በቄስ ትምህርት ቤትም ማንበብና መጻፍ አብረው አይሄዱም ነበር። ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ በስንደዶ እያመለከተ ይቆጥራል፤ ከፊደል ቆጠራ ወደ ንባብ ያልፋል። መጻፍ የራሱ ሙያ ነበር፤ ብራና ዳምጦ መቃ ብዕር ቀርጾ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊው ነው። ስለዚህ ልጃችሁ በቃሉ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ይቀጥል። እርሳስ ሲይዝ ግን በቅርጽ ቅለት ሂዱ።

መጀመሪያ ቀጥ ያሉት። «ተ» አንድ ቁልቁል፣ አንድ አግድም መስመር ናት። «በ» ደግሞ ሁለት እግርና ጣሪያ ናት፤ ብዙ ፊደላት ይህንኑ ሁለት እግር ስለሚጋሩ «በ»ን በደንብ ማስያዝ ያዋጣል። ከዚያ ክቦቹ፦ «ዐ»። ክብ ከቻለ በመሃሉ ቁልቁል መስመር ሲያሳልፍ «ቀ» ይሆንለታል፣ አግድም ሲያሰምር «ፀ»። «ሀ»ና «መ»ም እዚሁ ይግቡ። ቀጥሎ እግራቸው ከላይ የሚገናኙት፦ ሰ፣ ለ፣ አ። ሦስት እግር ያላቸው «ሐ»ና «ጠ» ከእነሱ በኋላ። እነ ረ፣ ፈ፣ የ፣ ደ፣ ዘ ጠመዝማዛ ስለሆኑ ይቆዩ።

ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ኸ ለብቻቸው አዲስ ትምህርት አይፈልጉም። ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ዘ፣ ደ፣ ከ ተጽፈው ከላይ ጭማሪ ይደረግላቸዋል። «ጨ» ግን ጭማሪዋ እግሯ ላይ ነው። ልጁ ይህን ዝምድና ሲያይ ደስ ይለዋል፤ «ኮፍያ እናድርግላት» በሉት።

ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን በአንድ ሳምንት አታስጽፉ። ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ሌላ። አንዱ ይደላደል፣ ሌላው ወር ቆይቶ ይምጣ።

አንድን ፊደል ማስተማር

ሦስት ነገር በሁሉም ፊደል ላይ አይለወጥም። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መጀመሪያ ገላው ከዚያ ጭማሪው። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ይወቅ። አባት አንድ ዓይነት፣ አክስት ሌላ ዓይነት ካሳዩት ልጁ ግራ ይገባዋል።

«በ»ን እንውሰድ።

1. እናንተ ጻፉ፣ እሱ ይይ። ቀስ ብላችሁ፣ እያወራችሁ፦ «ከላይ እጀምራለሁ፤ ወደ ታች፣ መስመሩ ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ላይ፤ ጣሪያ ወደ ቀኝ፤ ወደ ታች፣ መስመሩ ላይ ቆምኩ።» ልጁ ከጎናችሁ ይቀመጥ። ፊት ለፊት ከተቀመጠ ፊደሉን ተገልብጦ ነው የሚያየው።

2. በጣቱ ይጻፍ። ትሪ ላይ ስስ ዱቄት ወይም አሸዋ በትኑ። ቃላቱን እየደገመ በጠቋሚ ጣቱ ይጻፍ። ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ስህተቱ ይጠፋል፣ ላጲስም አያስፈልግም። ለፈሪ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

3. በላዩ ላይ ያሰምር። በነጠብጣብ ጻፉለትና መነሻው ላይ አረንጓዴ ነጥብ አድርጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። በገበያ ያሉት የነጠብጣብ ደብተሮች ገጽ ሙሉ ያሰምሩታል፤ ልጁ ቶሎ ይሰለችና ነጥቦቹን ከየትም አቅጣጫ ማገጣጠም ይጀምራል። መነሻው ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

4. እያየ ይገልብጥ። ከላይ አንድ ጥሩ «በ» ጻፉለት፤ እሱ ከሥሩ አራት ይጻፍ።

5. ሸፍናችሁ ከራሱ ይጻፍ። እዚህ ላይ ነው መያዙ የሚታወቀው።

6. ይምረጥ። «ከእነዚህ የትኛዋ ታምራለች?» በሉት፤ እሷን ራሱ ያክብባት። ለምን እንደመረጣት ይንገራችሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አርሙ። «እግሯ መስመሩን አልነካም፤ በሚቀጥለው ትንካ።» መጠኑንም፣ ጥመቱንም፣ ክፍተቱንም በአንድ ቀን አትዘርዝሩበት።

ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ጥቂት ይሻላል፤ ቅዳሜ ተሰብስቦ ሁለት ሰዓት አይሁን። መጻፍን ደግሞ ቅጣት አታድርጉት። «ስለረበሽክ ሃምሳ ጊዜ ጻፍ» የተባለ ልጅ እርሳስና ቅጣትን አንድ ላይ ያስታውሳቸዋል።

ሰባቱ እርባታዎች

33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን ልጁ 231 የተለያየ ቅርጽ መሸምደድ የለበትም፤ ግዕዙን ከቻለ አብዛኛው ጭማሪ ነው።

ኃምስ ከሁሉም ታማኝ ነው፦ ቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት። ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ኬ፣ ቴ፣ ኔ። ካዕብ በቀኝ ወገቡ ላይ አጭር መስመር ነው፦ ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ኩ፣ ቱ። ሣልስ ያችው መስመር ወደ እግሩ ሥር ስትወርድ ነው፦ ቢ፣ ሊ፣ ሲ፣ ኪ፣ ቲ። እነ ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ከሕጉ ወጣ ስለሚሉ ለብቻ አሳዩ። ቱና ቲ ለልጅ የሚምታቱት የሚለያዩት ጭማሪዋ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቷ ብቻ ስለሆነ ነው፤ «ወገቧ ላይ» እና «እግሯ ሥር» እያሉ ማስጻፍ ይጠቅማል።

ራብዕና ሳብዕ ላይ ብዙ ቆዩ። ሁለት እግር ባላቸው ፊደላት ራብዕ ግራ እግሩ ያጥራል፦ ባ፣ ሳ፣ ካ፣ ዳ። ሳብዕ ቀኝ እግሩ ያጥራል፦ ቦ፣ ሶ፣ ኮ፣ ዶ። ባና ቦ እንግዲህ አንዱ የሌላው መስተዋት ናቸው ማለት ይቻላል። ትንሽ ልጅ ግራና ቀኝን መገልበጡ የተለመደ ነው፤ እስከ 7 ዓመት ገደማ ብዙ ልጆች ያደርጉታል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ልጆች ቢንና ዲን ይቀያይራሉ፤ የእኛዎቹ «ዳቦ» ለማለት «ዶባ» ይጽፋሉ። ስንፍና አይደለም።

መፍትሔው ባን እስኪያጠራ ድረስ ቦን ማቆየት ነው። አንድ ሳምንት ባ፣ ሳ፣ ካ ብቻ። «አበባ»ን አስጽፉት፤ በና ባ ጎን ለጎን ስላሉ እኩል እግርና አጭር እግር በአንድ ቃል ይታያሉ። ባ ከተደላደለች በኋላ ቦ ትምጣ። በመጨረሻ «ዳቦ»ን ይጻፍ፤ አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ እግሯ ያጠረ ሁለት ፊደል በአንድ ቃል ውስጥ ነው። አንድ እግር ያላቸው ግን ሌላ መንገድ አላቸው፦ ታና ቃ እግራቸው ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ቶና ቆ ከላይ ቀለበት ያወጣሉ።

ሳድስ ሕግ የለውም ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ጣጣው ደግሞ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመጣው እሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ ፊደል አስተምሩት። ን፣ ት፣ ም፣ ስ፣ ል፣ ር፣ ይ፣ ው፣ ብ ይቅደሙ። እነዚህ ከተያዙ ልጁ ብዙ ቃል መጻፍ ይችላል፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ ጊዜ አላቸው።

ከፊደል ወደ ቃል

ሁሉም ፊደል እስኪያልቅ አትጠብቁ። ልጅ ከሁሉ በፊት መጻፍ የሚፈልገው ስሙን ነው፤ ስሙ ውስጥ ያሉት ፊደላት ቢከብዱም አስቀድሙለት። ከዚያ እሱ የሚያውቃቸው አጫጭር ቃላት፦ ቤት፣ በግ፣ ላም፣ ቡና። የአስቤዛ ዝርዝር ስትጽፉ አንዷን ቃል ለእሱ ተዉለት። ሱቅ ሄዶ ባለሱቁ «ስኳር» ብሎ ሲያነብለት ፊቱን እዩት።

ለጀማሪ ሰፊ መስመር ያስፈልጋል። ባለ ካሬው የሒሳብ ደብተር ጥሩ አማራጭ ነው፤ አራት ካሬ ለአንድ ፊደል ስጡ። የአማርኛ ፊደል አይቀጣጠልም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር መስመሩ ላይ መቆሙና ቁመቱ መቀራረቡ ነው። ባለ አጭር እግሮቹ በረጅም እግራቸው መስመሩን ይንኩ። በሁለት ቃላት መካከል አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይተው። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይለካ። መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ማስቀመጥን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ይልመድ።

ላጲስ ቀንሱ። አንዳንዱ ልጅ ከሚጽፈው የሚያጠፋው ይበዛል። «አንድ መስመር ሰርዝበትና ከጎኑ ድጋሚ ጻፍ» በሉት። ወረቀት እስኪቀደድ ተጭኖ የሚጽፍ ከሆነ ከሥር ሁለት ሦስት ወረቀት ወይም ጋዜጣ አንጥፉለትና «ወረቀቱን ሳትበሳ ጻፍ» በሉት። እርሳሱን ሳይጫን አደብዝዞ የሚጽፈው ደግሞ ለስላሳና ጠቆር ያለ እርሳስ ይጠቅመዋል።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ላቲን ይጽፋሉ፣ ፊደልን የሚያገኙት ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው። «ሀ»ን ዩ፣ «ዐ»ን ኦ፣ «ተ»ን ቲ አድርገው ያዩታል። ይህን መልካም ጎን አድርጉት፤ እጃቸው ቅርጹን አስቀድሞ ያውቀዋል። ድምፁን ብቻ ቀይሩ። በእስራኤል ዕብራይስጥ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዐረብኛ የሚማሩ ልጆች ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ለምደዋል። ለእነሱ ከገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ወደ ታች አረንጓዴ መስመር አስምሩ፤ አማርኛ ከዚያ ይነሳል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን እጅ ይረሳል። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ለአንድ ፊደል፣ ወይም ለአያት በስልክ ፎቶ የሚላክ አንድ ቃል፣ ይበቃል።

የ2ኛ ክፍል ልጅ ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ

ሁሉንም ከመጀመሪያ መጀመር አያስፈልግም። ሦስት አራት መስመር ራሱ የፈለገውን ይጻፍ። አብራችሁ አንብቡትና ያቃታችሁን ፊደላት አክብቡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአምስት ስድስት ፊደል አይበልጥም። ሁለቱን ብቻ መርጣችሁ ሳምንት ሥሩ፦ እንዴት እንደሚጀምራቸው ከጎኑ ሆናችሁ ተመልከቱ፣ መነሻውን አስተካክሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሁለት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጻፍ፤ ፍጥነት ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ይመጣል። የክፍል ማስታወሻ መገልበጥ ካዘገየው መምህሩን አነጋግሩና ለጊዜው ግማሹን ይገልብጥ።

አንዳንድ ልጅ ግን በትዕግሥት ለወራት ተሠርቶበትም አይሆንለትም። 7 ዓመት አልፎት እርሳስ ሲይዝ እጁን የሚያመው፣ በቃል ጥሩ እየተናገረ አንድ መስመር መጻፍ የሚያስለቅሰው፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመር የሚዘል ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ። ዓይኑ ደህና ከሆነ የሕፃናት ሐኪም አማክሩ፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ (ልጆች እንደ መጻፍና ልብስ መልበስ ያለውን የዕለት ተዕለት ሥራ እንዲችሉ የሚያለማምድ) ባለበት ከተማ ወደዚያ እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከወራት በፊት የጻፈውንና የዛሬውን፣ ሁለቱንም።